የአራት ቤት ዘር

ረሂማን የሚወቅስ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ በረሃብ ስትከስም አይቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። አላየሁም ካለኝ ተነስቼ እሄዳለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር የማባክነው ትንፋሽ የለኝም። እሷን የመውቀስ መብት ያለው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሱን ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከሐርቡ ዝቅ ብሎ፣ ማሳችን ድንበር ለድንበር የተያያዘ አራት ቤቶች ነበርን። ታላቃችን ሼህ ሀምዱ ናቸው። ረሂማና ባሏ እንድሪስ ሳፊያ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አብዱልወሀብ ከሚስቱ ከጣይባና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከወንዙ ወዲያ ነው። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ የኔነሽ፤ ባሌ ከሞተብኝ የቆየሁ፣ ከመካከላቸው ማተብ ያሰርኩ እኔ ብቻ። በጾም ቀን እያወቁ ወተት ይልኩልኝና ይስቁብኛል፤ እኔም በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ቆሎ እየቆረጠምኩ በደጃቸው አልፋለሁ። እንዲህ ስንተራረብ ነበር የምንኖረው።

የዘሩ ነገር የተጀመረው በበላቸው ነው። በላቸው የግብርና ባለሙያ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ቤቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ከሱ በፊት የሚመጡትን ባለሙያዎች አንወዳቸውም ነበር። መከር ሲደርስ በመኪና ይመጡና ከማሽላችን ያማረ ያማረውን ራስ ቆርጠው ይጭናሉ። ለምርምር ነው ይሉናል። ምርምሩ ምን እንዳገኘ ተመልሶ የነገረን የለም፤ ዘሩም ሄደ፣ እነሱም ሄዱ። አንዳንዴ ደግሞ የማናውቀውን ዘር ይዘው ይመጡና ይህን ዝሩ ይሉናል። እንዘራለን። ቁመቱ የቤት ጣሪያ ያልፋል፤ ፍሬ ላውጣ የሚለው ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው።

በላቸውም ሲመጣ ያው መስሎን ነበር። እሱ ግን ማጭድም ጆንያም አልያዘም። ሼህ ሀምዱ ደጅ ተቀመጠና «እናንተ የምትፈልጉት ምን ዓይነት ማሽላ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመንግሥት ሰው አፍ ሰምተን አናውቅም፤ ወጥመድ መሰለን። የመለሰችለት ረሂማ ናት።

«ዝናቡ ቢዘገይ ቶሎ የሚደርስ፣ ወፍ የማይደፍረው፣ ለእንጀራ የሚሆን፣ አገዳው ለከብት የሚጥም» አለችው።

በላቸው ሳቀ። «ይህን ሁሉ እኔ ብቻዬን አላገኘውም። አብረን እንፈልገው» አለ።

ፈለግነው። ከየአገሩ ያሰባሰበውን ዘር ከኛው ጎን ለጎን ዘራን። ረሂማ ከየትልሙ ቀድሞ የደረሰውን ትመርጣለች፤ በላቸው ይመዝናል፤ እኔ አስፈጭቼ አቀምሳለሁ፤ አብዱልወሀብ አገዳውን ለበሬዎቹ ሰጥቶ የትኛውን እንደወደዱ ይነግረናል። ስንጨቃጨቅ ያየን ሰው ርስት የምንካፈል ይመስለው ነበር። በላቸው በጣም የወደደውን አንዱን ዓይነት እኔ ጭቃ ጭቃ ይላል ብዬ አስጣልኩት፤ አኩርፎኝ ከረመ። ከብዙ መኸር በኋላ ሁላችንም የተስማማንበት ማሽላ ወጣ። አጭር ነው፣ ራሱ ድፍን ያለ፤ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ዝናቡ ሳያልቅ ይደርሳል። ስሙን የአራት ቤት አልነው።

ይህን ዘር እንደ ቀድሞው ማንም ጭኖት እንዳይሄድ ሼህ ሀምዱ ቤት ተሰብስበን መከርን። ከአንድ አውድማ የወጣ ነውና አይከፋፈልም፤ የሁላችንም ነው። በየቤታችን እንዳናስቀምጠው ነቀዝ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሆድም አለ። ስለዚህ በላቸው ኮምቦልቻ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን በአማና፣ በአደራ፣ እንዲያስቀምጥልን ሆነ። አራቱም ቤት ይከፈት ካላለ አይከፈትም፤ አንድ ቤት እምቢ ካለ የሌሎቹ ቃል አይበቃም። ሼህ ሀምዱ ዱአ አደረጉ፣ ፋቲሐ ተቀራ፣ እኔ አማተብኩ፣ በላቸውም እንደነሱ እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። በደንባችን ኮራን። ከአራታችን አንዱ ከአገር ይጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወዴት ይሄዳል? የአባቱ መቃብር እዚህ፣ ማሳው እዚህ።

ሰባ ስድስት ላይ በልጉ ቀረ። ክረምቱም ደመና ብቻ እያሳየን ሐምሌን አሳለፈ። ነሐሴ ሲገባ አብዱልወሀብ ሰበሰበን። ከብቶቹ አልቀዋል፤ ልጆቹ እግራቸው አብጦ ከቤት መውጣት አቁመዋል። «ይከፈት» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሼህ ሀምዱ ይከፈት አሉ። እኔም ይከፈት አልኩ። ረሂማ እምቢ አለች።

«አብዱልወሀብ፣ አፉ በለኝ» አለችው። «ዝናቡ ዛሬ ነገ ይመጣል ኢንሻ አላህ። ዘሩን በልተነው ቢዘንብ በምን እንዘራለን? ለከርሞስ ልጆችህ ምን ይበላሉ?»

ያለችው ሐሰት አልነበረም። ለዚያ ዘር ከማንኛችንም በላይ የደከመችውም እሷ ናት። ነገር ግን ያን ጊዜ የሷ ላም ገና አልሞተችም ነበር፤ ሳፊያ ወተት ታገኝ ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ። አብዱልወሀብ አልተከራከረም። ወደ እንድሪስ ዞር ብሎ አየው፤ እንድሪስ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ደንባችን ነው» አለና ተነስቶ ሄደ።

ዝናቡ አልመጣም። የአብዱልወሀብ ትልቋ ልጅ ዘሐራ ሞተች፣ ከዚያ ታናሿ፣ ከዚያ ጣይባ። ሦስቱንም ስንቀብር ረሂማ ለቅሶው ላይ ነበረች። አብዱልወሀብ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣችውም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

መስከረም ሲጠባ እኔ ደሴ ወጣሁ። ከተማው ለአብዮቱ በዓል ተብሎ ቀይ ጨርቅ በቀይ ጨርቅ ሆኗል፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ስንቱን ሰው በገነዘ! ሰኞ ገበያ፣ እህል ተራው ሥር የሚፈሰውን እህል ከነአፈሩ እየጠረግሁ፣ አበጥሬ፣ የተረፈኝን ቆልቼ እበላለሁ። ነጋዴዎቹ ያባርሩናል፤ እኛም ዞር ብለን እንመለሳለን። ጥሩ የፈሰሰበት ቦታ ሲገኝ እርስ በርስ እንደባደባለን። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከአንዲት ሴትዮ ጋር መጥረጊያ ስንጓተት ነው ረሂማን ያየኋት። መጀመሪያ አላወቅኳትም። ያቺ ማሳ መካከል ቆማ ስትጣራ ወንዙ ማዶ የምትሰማው ሴት የለችም፤ አጥንቷ ቀርቷል፣ አጥንቷም ጎብጧል።

«የኔነሽ» አለችኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ይከፈት በይልኝ።»

«እንድሪስስ?»

«ቀበርነው።»

«ሳፊያስ?»

«አለች። ሼህ ሀምዱ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁ። መቆም አቁማለች። ከቤት ስወጣ ውሃ ስሰጣት አፏን አልከፈተችም፤ በጣቴ ፈልቅቄ ነው ያጠጣኋት።»

ኮምቦልቻ በላቸው ዘንድ ደርሳ ነበር። የአራቱን ቤት ቃል አምጪ ብሏታል። ሼህ ሀምዱ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የቀረነው እኔና አብዱልወሀብ ነን። አብዱልወሀብ ደግሞ እርዳታ ይሰጣል ተብሎ ተሰልፎ ሳለ ለሠፈራ ታፍሶ እዚያው ኮምቦልቻ ታጉሯል፤ ዛሬ ነገ ይጭኑታል።

እኔ ነገር ማለዘብ አላውቅበትም። «ይህን ነሐሴ ላይ ብትይ ምን ነበር?» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ እቴ። ስድብሽን መንገድ ላይ ትሰድቢኛለሽ፤ አሁን ነይ።»

መጥረጊያውን ለሴትዮዋ ጣልኩላትና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። አልሰደብኳትም። ጉልበታችን ለእግራችን እንኳ አልበቃ ብሎ መንገድ ዳር እየተቀመጥን እንነሳ ነበር። ስንቀመጥ የሚያስነሳን የሷ ጭንቀት ነው፤ «አብዱልወሀብን ይጭኑታል፣ ተነሽ» ትለኛለች። ከዳር ዳር ተቀምጠው የማይነሱ ሰዎች ነበሩ። እነሱን አላየንም፤ እንዳናይ ነው የተራመድነው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሰዎቹ በሽቦ በታጠረ ሜዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ አውቶቡሶች ተደርድረዋል። ጠባቂውን ሚሊሺያ ለምነን ለምነን አብዱልወሀብን በሽቦው በኩል እንድናነጋግረው ፈቀደልን። አብዱልወሀብ ከሰው መካከል ተነስቶ መጣ። ከኛ የተሻለ ጠንክሯል፤ እዚያ አንድ አንድ ዳቦ ይሰጧቸው ነበር።

«ሰላሙ አለይኩም» አለችው ረሂማ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። እንድሪስ ደኅና ነው?»

«አረፈ።»

«አላህ ይርሐመው» አለ፤ እውነት ነው ያዘነው።

ረሂማ ሽቦውን ይዛ ተንበረከከች። «ሳፊያ እየሞተችብኝ ነው፣ አብዱልወሀብ። ሼህ ሀምዱ ይከፈት ብለዋል። የኔነሽም ይኸው ብላለች። ያንተ ቃል ብቻ ነው የቀረው።»

 አብዱልወሀብ እሷን ትቶ ለኔ ይናገር ጀመር።

«የኔነሽ፣ ያን ቀን ከስብሰባው ቤቴ ስገባ ዘሐራ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አባ፣ ሊከፈት ነው?› አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም። አይከፈትም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።»

«በኔ ፍረድ!» አለች ረሂማ። «እኔን የፈለግከውን በለኝ። ሳፊያ ግን ምን አጠፋች?»

«ዘሐራስ ምን አጠፋች?»

  አብዱልወሀብ ቁጢጥ ብሎ በሽቦው ቀዳዳ ትክ ብሎ አያት።

«ለበቀል እንዳይመስልሽ፤ ወላሂ ለበቀል አይደለም። ወደማላውቀው አገር ሊጭኑኝ ነው። ሚስቴ አፈር ውስጥ ናት፣ ልጆቼ አፈር ውስጥ ናቸው፣ ቤቴን አፍርሰው ማገዶ አድርገውታል። በዚያ ምድር የኔ የምለው የቀረኝ ያ ዘር ብቻ ነው። እሱ ካለ እመለሳለሁ፤ በእግሬም ቢሆን እመለሳለሁ። እሱ ከተበላ ወደ ምን እመለሳለሁ?»

«ያንተን ድርሻ አልነካም፣ ረሱልን! የኛን ብቻ እንብላ።»

«ረሂማ፣ እንተዋወቃለን እኮ። ልጇ የራባት እናት ጆንያ ሥር ተቀምጣ የሰው ድርሻ ትለያለች? እኔ አባት ነበርኩ፤ እኔ ብሆን አልለይም።»

ሚሊሺያው ተነሱ እያለ ጮኸ። አብዱልወሀብ ተነሳ። «እምቢ ብያለሁ» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «በላቸውንም እምቢ ብሏል በይው።» ሄዶ ከሰልፉ ገባ። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አየሁት፤ እሱ አላየንም፤ ወደ ሐርቡ በኩል ነበር የሚያየው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ፈጣሪ ራሱ ከሽቦው አጠገብ ቢቆም ኖሮ ምን ብሎ ይፈርድ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን ሲሄድ ረሂማ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ከዚያ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ መጋዘኑም እኔን ሳትጠብቅ መንገድ ጀመረች።

በላቸውን መጋዘኑ በር ላይ አገኘነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ካድሬ ዘሩን ለሠራዊት ስንቅ እጭናለሁ ብሎ መኪና ይዞ መጥቶበት ነበር። በላቸው የአራት ቤት ንብረት ነው፣ ያለነሱ ቃል አልከፍትም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። አሰሩት። ሲፈቱት ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ዘሩ ግን አልተነካም። ቢሮው ውስጥ በብልቃጥ ያስቀመጣትን ናሙና ብቻ ለበዓሉ ኤግዚቢሽን ብለው ወሰዱበት። የሰፊው ሕዝብ የምርት ድል የሚል ተጽፎባት አዲስ አበባ ሄደች፤ ሳትመለስ ቀረች።

ስለዚህ ያ ደንብ ለሱ ተራ ነገር አልነበረም። ረሂማ መጀመሪያ ስትመጣበት «ለካድሬው የዘጋሁትን በር ላንቺ ያለ ደንቡ ከከፈትኩ፣ ነገ ሲመጣብኝ ምን ይዤ እቆማለሁ?» ብሏት ነበር። ሲላት እያለቀሰ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አንድ የያዝነው ነገር ቢኖር ያ ቃል ነበር፤ እሱንም የሚጠብቅልን እሱ ብቻ ነው።

«የኔነሽ፣ አንቺ?» አለኝ ደህናውን ጆሮውን ወደኔ አዙሮ።

«ይከፈት» አልኩ።

«አብዱልወሀብስ?»

«ፈቅዷል» አለች ረሂማ።

በላቸው አያት። ቶሎ ነው ያለችው፤ ከሚገባው በላይ ቶሎ። «ረሂማ፣ ወላሂ በይኝ» አላት።

ረሂማን ሳውቃት ሐሰት በአፏ ሲዞር ሰምቼ አላውቅም። ላም ስትሸጥ እንኳ የላሟን እንከን ቀድማ የምትናገር ሴት ናት። በወላሂ መቀለድ ለሷ እሳት ውስጥ እጅ መክተት ነው። 

«ወላሂ» አለች። «ወላሂ ፈቅዷል።»

በላቸው ወደኔ ዞረ። ምስክርነቴን ፈልጎ ነው።

«ምን ታየኛለህ?» አልኩት። «ክፈት እንጂ! ልጅቷ እስክትሞት ነው የምታየኝ?»

ከፈተው።  ጆንያዎቹን ሲያወጣልን አንዱን ፈትቶ ጭብጥ ሙሉ ዘገነና ሽታውን ሳበው። «ለዘር ታስቀራላችሁ አይደል?» አለ። ረሂማ የአብዱልወሀብን ድርሻ እንደማትነካ ነገረችው። ያን ስትል ዋሽታለች አልልም። ሐርቡ የሚወርድ መኪና ለምኖ እሱ ራሱ ጫነልን።

ደረስን። ሳፊያ በሕይወት ነበረች፤ መኖሯን ያወቅነው ግን ጆሯችንን አፏ ላይ አስጠግተን ነው። ረሂማ ወፍራም ገንፎ ልታጎርሳት ስትል ገፍቼ አስጣልኳት፤ በባዶ አንጀት የበሉ ሰዎች ሲሞቱ ደሴ አይቻለሁ። ቀጭን አጥሚት አድርገን በጣታችን ጫፍ ከንፈሯን እያራስን ጀመርን። መጀመሪያ አልዋጠችም። ቆይታ ዋጠች። ረሂማ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው፤ ከባሏ ቀብር ጀምሮ ይዛው የነበረውን ጩኸት ሁሉ።

ሼህ ሀምዱ ግን ብዙም አልቀመሱም። «ለልጅቷ፣ ለልጅቷ» እያሉ እጃቸውን አንስተው አረፉ። አብዱልወሀብ መፍቀዱን ጠይቀውን ነበር፤ ረሂማ ለሳቸውም ፈቅዷል ብላቸዋለች። አምነው ነው የሞቱት።

የአብዱልወሀብን ድርሻ በእንድሪስ ኩታ ቋጥራ ምሰሶው ላይ አሰረችው። የኛ እያለቀ ሄደ። እርዳታው በዚህ ሳምንት ይመጣል ይባላል፣ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ደግሞ ይመጣል ይባላል። ሳፊያ ተደግፋ መቀመጥ በጀመረችበት ሰሞን የኛው ጆንያ ተራገፈ። ረሂማ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ያን ቋጠሮ ስታየው ትውላለች። ልጅቷም እናቷ የምታየውን ታያለች። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ ማሰሮው ተጥዶ አገኘሁ፤ ቋጠሮው ወርዷል። አላማከረችኝም። እኔም አልከለከልኳትም፤ ከንፍሮው ቀርቦልኝ በላሁ። የመጨረሻው እፍኝ ከማለቁ በፊት እርዳታው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ወሬ ነበር። የደረሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰባ ሰባት ላይ ዘነበ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ እንደ ድሮው፣ እንደምንለምነው፣ ጧት ጀምሮ የማያባራ ሆኖ መጣ። ከመሥሪያ ቤቱ ዘር ታደለን፤ ከሩቅ አገር የመጣ ነው አሉን። በላቸው እፍኝ ዘግኖ አየውና መሬት መሬት እያየ ይህ በሐምሌ ተዘርቶ አይደርስም፣ ግንቦት ላይ መዘራት ነበረበት አለን። ወስደን በላነው። ከዚያ ወዲያ በላቸው አንድ ቀን መጥቶ ከረሂማ ጋር ያን ዘር ስንቱን መኸር እንደደከሙበት እያነሱ ሲያወሩ ዋሉ፤ ስለ ሞተ ሰው እንደሚወራው።

አብዱልወሀብ የመጣው በዚያው ወር ነው። ከሠፈራው አምልጦ፣ ስንቱን አገር በእግሩ አቋርጦ፣ በየሰዉ ደጅ እየለመነና ጉልበቱን እየሸጠ። እግሩ እግር አይመስልም፤ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁስል ነው። ዝናቡ እላዩ ላይ እየወረደ ረሂማ ደጅ ቆመ። ፊቱ ግን በርቶ ነበር። ይህን ነው መርሳት ያቃተኝ፤ ሰውየው ሲመጣ ደስ ብሎት ነበር።

«ይኸው ዘነበ!» አለ። «መንገድ ላይ ደመናውን እያየሁ ስሮጥ ነው የመጣሁ። ጊዜው ሳያልፍብን ኮምቦልቻ ወርደን እናውጣው። ሁላችንም አለን?»

ረሂማ ከቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። መዋሸት ትችል ነበር። ካድሬው ወሰደው ብትለው ያምናት ነበር፤ እኔም በልቤ እንዲያ በይው እያልኩ ነበር።

«የለም» አለችው። «በልተነዋል።»

«ማን ፈቀደ?»

«አንተ። በስምህ ወላሂ ብዬ ማልኩ። ድርሻህንም ለብቻ ካስቀመጥኩ በኋላ በላሁት። የኔነሽ የለችበትም፣ በላቸውም አያውቅም። እኔ ነኝ።»

 የበራው ፊቱ እንዴት እንደጠፋ አልናገርም። ዝናቡ በጺሙ ይወርዳል። ምናልባት ይመታታል ብዬ ተጠጋሁ፤ ረሂማም ለመመታት የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ያን ጊዜ ሳፊያ ድምፅ ሰምታ ከቤት ብቅ አለች። ጉንጯ ሞልቷል፣ ጸጉሯ ተሠርቷል። ከእናቷ ቀሚስ ሥር ሆና አጮልቃ አየችው። አብዱልወሀብ እያያት በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ነሽ የበላሽው?» አላት።

ልጅ ነችና አልፈራችም። «አዎ» አለችው።

«ጣፈጠሽ?»

«ጣፍጦኝ ነበር» አለች ሳፊያ። «ግን ቶሎ አለቀ።»

አብዱልወሀብ እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ነካት፤ ነክቷት ብዙ ቆየ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ተነሳ። የእንድሪስ ዶማ እዚያ ነበር፤ ሳይጠይቅ አነሳውና በዚያ እግሩ እያነከሰ በዝናቡ ውስጥ ወደ ማሳው ወረደ። መቆፈር ጀመረ። ረሂማ ተከትላው ወርዳ ከጎኑ ሆና በእጇ አረሙን ትነቅል ጀመር። አላባረራትም፤ አላናገራትምም። መሬቱ ረጥቦ፣ ለስልሶ፣ ለመዘራት የተመቸ ነበር፤ ምን ልትዘሩበት ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።